ከአሮጌ ጽጌረዳ ከነሥሩ ከፍሎ መትከል ይቻላል? እናቲቱ ሳትሞት

የእሾህ ጎረቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

አክስቴ ግቢ ውስጥ አንድ ያረጀ ጽጌረዳ አለ። ዕድሜውን በትክክል የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ ልጅ ሆኜም እዚያው ነበር፤ ያኔም ስሙ "አሮጌው" ነበር። አበባው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ድርብርብ ነው፤ ሽታው ገና በር ላይ ይቀበላችኋል። ዝርያው ምን እንደሚባል ማንም አልነገረኝም። ችግኝ ለሚሸጡ ሰዎች ፎቶ አሳየሁ፤ "የድሮ ነው፣ አሁን አይገኝም" ብለው አዲስ ሊሸጡልኝ ሞከሩ። እኔ የምፈልገው ይሄንኑ ነው።

አክስቴ ብዙ ከተለመነች በኋላ "አንድ ቁራሽ ውሰጂ፤ እናቲቱ ከሞተች ግን ዓይንሽን እንዳላየው" ብላ ፈቀደችልኝ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የምሯን ነው። ከሰው ይልቅ ተክሏ ላይ ነው ዓይኗ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሃል ላይ እንደ ክንዴ የወፈረ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ግማሹ የደረቀ ጉቶ አለ። ከጉቶው አራት አምስት ደህና ግንዶች ወጥተዋል። የእኔ ዓይን ያረፈው ግን ጎን ላይ ነው። ከጉቶው ሁለት ስንዝር ያህል ርቆ፣ ብቻውን ከአፈር ብቅ ያለ ቀንበጥ አለ። አሁን ወገቤ ደርሷል። እስካሁን አላበበም።

ይሄ ቀንበጥ የራሱ ሥር ይኖረዋል? በአካፋ ቆርጬ ብወስደው ይይዛል? ወይስ ጉቶውን ራሱን ለሁለት መክፈል ይሻላል? እኛ ጋ ውርጭ የሚባል ነገር የለም። ዝናብ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። ተክሉ አሁን ቅጠል በቅጠል ነው፤ እናቲቱ እንቡጥም ይዛለች።


ችኩል አትክልተኛ፦

አታካብጂው። ጽጌረዳ ነፍሱ ብዙ ነው። መጥረቢያ አምጪ፣ ጉቶውን መሃል ለመሃል በይው፣ ግማሹን ይዘሽ ሂጂ። እኔ አንዱን በዶማ ነው የከፈልኩት፤ ሁለቱም አሁን ድረስ አሉ። ዝናብ ሲመጣ ራሱ ይነሳል።


መቀስ አይለየኝ፦

ችኩል፣ ሁለቱም መትረፋቸው ደስ ይላል። ግን ደንብ አድርገህ አትንገራት። አንተን የምታስፈራራ አክስት አልነበረችህም።

ልጄ፣ ጽጌረዳ እንደ ጠጅ ሣር አይከፈልም። ጠጅ ሣር እያንዳንዱ ዘለላ የራሱ ሥር ስላለው እንደፈለግሽ ትገነጥይዋለሽ። የጽጌረዳ ጉቶ ግን አንድ እንጨት ነው። ከላይ ብዙ ግንድ ቢያወጣም ከታች የያዘው ጥቂት ወፋፍራም ሥር ነው። የትኛው ሥር የትኛውን ግንድ እንደሚመግብ ከላይ ሆኖ አይታይም። በመጥረቢያ ስትከፍይው አንደኛው ግማሽ ሥር አልባ እንጨት ሆኖ ሊቀርብሽ ይችላል። ሌላኛው ደግሞ ሰፊ ቁስል ይዞ እርጥብ አፈር ውስጥ ይቀመጣል፤ መበስበስ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ያንቺው ጉቶ ደግሞ ግማሹ ደርቋል ብለሻል። እንዲህ ያለውን ጨርሶ አትንኪው።

ተስፋሽ ያ ጎን ላይ ያለው ቀንበጥ ነው። ግን መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነ እንወቅ።

ለሽያጭ የሚዘጋጅ ጽጌረዳ አብዛኛው የተዳቀለ ነው። አበባው የሚፈለገው ዝርያ በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተጣብቆ ነው የሚያድገው። ታች ያለው ብዙ ጊዜ የዱር ነው፤ የቀጋ ዘመድ በይው። ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣ ቀንበጥ ሁሉ የዱሩ ልጅ ነው። ለሥርነት ከሚያገለግሉት አንዱ ሮዛ መልቲፍሎራ ይባላል፤ ትናንሽ ነጭ አበባ በዘለላ ያወጣል። ሌላው ዶክተር ሂዩይ ነው፤ አበባው ጥቁር ቀይ ነው። ሰዎች "ሮዝ የነበረው ጽጌረዳዬ ቀይ ሆነብኝ" ሲሉ ትሰሚያለሽ። አልተለወጠም። ላይኛው ሞቶ ታችኛው ነው የወጣው። አንቺም ሳታጣሪ ብትነቅይ፣ ለፍተሽ ለፍተሽ የአክስትሽን ሳይሆን የማይታወቅ ዱር ነው ግቢሽ የምትተክይው።

ስለዚህ ዶማ ሳታነሺ በእጅሽ አፈሩን ግለጪ። ከጉቶው ዙሪያ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውረጂ። ግንዶቹ የሚነሱበት ቦታ ላይ እንደ ቡጢ ያበጠ መጋጠሚያ አለ? ካለ የተዳቀለ ነው። ከሌለና ግንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ሥር ከወረደ በራሱ ሥር የቆመ ነው፤ ያኔ ከየትም ይውጣ፣ ቀንበጡ የእናቱ ነው። በጣም ባረጀ ተክል ላይ ግን መጋጠሚያው ደብዝዞ ሊጠፋ ስለሚችል በእሱ ብቻ አትፍረጂ። ቀንበጡንና የእናቲቱን አዲስ ግንድ ጎን ለጎን ያዢና የእሾሁን ቅርጽ፣ የቅጠሉን ጠርዝና የለጋውን ቀለም አስተያዪ። "ሰባት ቅጠል ያለው ዱር ነው፣ አምስት ያለው የቤት ነው" የሚሉትን አትስሚ። የድሮ ጽጌረዳ ብዙው ራሱ ሰባት አለው።

አንድ ነገር ደግሞ። ሻካራ፣ ቡሽ የመሰለ፣ ቅርጽ የሌለው እባጭ ጉቶው ወይም ሥሩ ላይ ካየሽ እሱ መጋጠሚያ አይደለም፤ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። እንዲህ ካለ ተክል ምንም አይወሰድም። በሽታው ከነአፈሩና ከመቀሱ ጋር ይሄዳል።


የእሾህ ጎረቤት፦

ጋሼ መቀስ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ገለጥኩት። አክስቴ ወንበር አውጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አፈሩን በማንኪያ ነው ያወጣሁት፤ አካፋ ሳነሳ ፊቷ ስለተለወጠ።

ያበጠ ነገር አላየሁም። ግንዶቹ ቀጥ ብለው ወርደው ወደ ጥቁር ወፍራም ሥር ይገባሉ። እባጭም የለም። ቀንበጡን ተከትዬ ስቆፍር ደግሞ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ቡናማ ነገር አገኘሁ፤ ከጉቶው ተነስቶ አግድም ከመሬት በታች ይሄድና ቀንበጡ ጋ ቀና ይላል። ቀና የሚልበት ቦታ ከሥሩ በኩል ነጫጭ ክር የሚመስሉ ሥሮች አሉት። ብዙ አይደሉም፤ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቅጠሉንና እሾሁን አስተያየሁ። እናቲቱ ላይ ትላልቁ እሾህ መሃል እንደ ፀጉር የደቀቀ እሾህ አላት፣ ቀንበጡም ላይ እንዲሁ ነው። ለጋ ቅጠላቸው ጠርዝ ላይ ሁለቱም ወይን ጠጅ ቀለም አላቸው።

እንግዲህ ልነቅል? ቦታም አዘጋጅቻለሁ። እኔ ግቢ አንድ ጽጌረዳ በቅርቡ ደርቆብኝ ነበር፣ ጉድጓዱ እንደተቆፈረ ነው። እዚያው ልክተተው ብዬ ነው።


መቀስ አይለየኝ፦

ማንኪያው ጥሩ ሐሳብ ነው። ያየሽው አግድም የሄደው ነገር የእናቲቱ ራሱ ነው። የድሮ ጽጌረዳዎች፣ በተለይ ጋሊካና ሩጎሳ የሚባሉት ወገኖች፣ ከመሬት በታች እንዲህ እየሄዱ ነው የሚስፋፉት። የእናቲቱ ልጅ ነው ብለሽ እመኚ።

ግን አሁን አትንቀይ። አሁን ቁረጪና እዚያው ተዪው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ወገብሽ የደረሰ ቀንበጥ፣ ያን ሁሉ ቅጠል ተሸክሞ፣ በጣት የሚቆጠር ሥር ብቻ ይዞ ከተነቀለ ውሃ የሚጠጣበት የለውም። እስከዛሬ የኖረው በእናቱ እየተመገበ ነው። ያንን መስመር ስትቆርጪበት፣ ግን ከቦታው ሳታነቃንቂው፣ የራሱን ሥር ለመጨመር ይገደዳል። ነጫጮቹም ሥሮች ሳይሰበሩ ይቆያሉ። ጡት ማስጣል ነው በአጭሩ።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። የገለጥሽውን አግድም እንጨት ወደ ጉቶው ጠጋ ብለሽ፣ ከነጫጮቹ ሥሮች ራቅ አድርገሽ ቁረጪ። በአካፋ አትምቺው፤ ይሰነጠቃል፣ መነቃነቁም ሥሩን ይበጥሳል። ትንሽ መጋዝ ወይም ጠንካራ መግረዣ መቀስ ይሁን። ስለቱን ከመጀመርሽ በፊት በአልኮል ጥረጊው። አፈሩን መልሺ፣ በእግር ሳይሆን በእጅ ጫን ጫን አድርጊው፣ ውሃ ጠገብ አድርጊው። ከዚያ የቀንበጡን ቁመት አንድ ሦስተኛ ግረዢ። እንቡጥ ካወጣ ሁሉንም ልቀሚ፤ ማዘን የለም።

በሚቀጥሉት ቀናት ቀትር ላይ ቅጠሉ ቢጠወልግ አትደንግጪ። ማታ ወይም ጠዋት ቀና ካለ እየታገለ ነው። ጠዋትም ጠውልጎ ካገኘሽው ግን ከላይ ጨምረሽ ግረዢና በጨርቅ ጥላ አብጂለት። አብዝተሽ ውሃ አትድፊበት፤ የሚጠጣበት ሳይኖረው አፈሩ ከረጠበ ይበሰብሳል።

ብርድ ያለበት አገር ቢሆን ቅጠሉን አራግፎ በተኛበት፣ ቡቃያው ከመንቃቱ በፊት ነው የሚነቀለው። ውርጭ በሌለበት ግን ተክሉ ሙሉ ለሙሉ አይተኛም። ስለዚህ ዝናቡ ጠንቶ አፈሩ ዘልቆ እስኪርስ ጠብቂ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ብትታገሺ፣ በዚህ መሃል አዲስ ለጋ ሲያወጣ ካየሽ፣ ያኔ ይነሳል። ደመናማ ቀን ምረጪ።

ስለ ጉድጓዱ፦ አይሆንም። ጽጌረዳ በደረቀበት ቦታ ጽጌረዳ አይተከልም። አፈሩ ውስጥ የቀረው ነገር አዲሱን ያቀጭጨዋል፤ አይሞትም፣ አያድግምም፤ ዝም ብሎ ዓመት ይቆጥራል። ሌላ ቦታ ፈልጊ። ሌላ ቦታ ከሌለሽ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር፣ ወደ ታችም ያንኑ ያህል ቆፍረሽ አፈሩን አውጥተሽ ጽጌረዳ ካልነበረበት ቦታ በመጣ አፈር ለውጪው። የትም ይሁን የት ግን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ፤ ውሃም አይተኛበት።


የበረንዳዋ፦

እህቴ፣ በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉን ነገር በአንድ ቀንበጥ ላይ አትጣይ። ከምትገርዢው ላይ ቁራጭ አዘጋጂ። እንዲያውም አክስትሽ ካልከፋት የሚሻለው ከእናቲቱ ላይ መውሰድ ነው፤ አሁን አብቦ የጨረሰ፣ እንደ እርሳስ የወፈረ ግንድ። ጉቶዋን አትነካም፣ አበባ እንደመቁረጥ ነው።

20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጪ። ታችኛውን ከአንድ አንጓ ሥር፣ ላይኛውን ከአንጓ በላይ፣ ሰያፍ አድርገሽ። የትኛው ላይ የትኛው ታች እንደሆነ እንዳይምታታብሽ። ከላይ ሁለት ቅጠል ትተሽ ሌላውን አንሺ። ሁለት ሦስተኛውን አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ቅበሪ፣ አርጥቢ፣ ታቹ የተቆረጠ ብርሃን የሚያሳልፍ የውሃ ጠርሙስ ድፊበት። ክዳኑን አልፎ አልፎ ክፈቺ፤ ካልሆነ ሻጋታ ያነሳል። ብርሃን ያግኝ እንጂ ፀሐይ አይምታው።

ስድስት ሰባት ብትተክዪ ግማሹ ቢይዝ ደስ ይበልሽ። ቅጠል ስላወጣ ይዟል ማለት አይደለም፤ ግንዱ ውስጥ በቀረው ስንቅ ብቻ ቅጠል አውጥቶ የሚሞት ሞልቷል። ቀስ ብለሽ ሳብ ስታደርጊው እምቢ ካለሽ ሥር አለው።


ችኩል አትክልተኛ፦

እሺ ተሸነፍኩ፤ መጥረቢያውን አስቀምጫለሁ። ግን ቁራጩን ድንች ውስጥ ሰክቶ መቅበርስ? ቪዲዮ ላይ ሁሉም የሚያሳየው እሱን ነው። ሥር ማብቀያ ዱቄትስ የግድ ነው?


የበረንዳዋ፦

ድንቹ ይበሰብስና ቁራጩን ይዞት ይሄዳል። ካልበሰበሰ ደግሞ ድንች ታበቅላለህ። ቪዲዮው ላይ ከድንቹ ወጣ ተብሎ የሚታየውን ጽጌረዳ ሥር ሲያወጣ ያሳየህ አለ? ቪዲዮውን ቆርጠው ነው የሚያገናኙት። ዱቄቱ ይረዳል፣ የግድ ግን አይደለም። ካለህ ጫፉን ብቻ ነክረህ ትርፉን አራግፍ፤ ሲበዛ ያቃጥላል።


የእሾህ ጎረቤት፦

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ አነበብኩላት። ቁራጭ የሚለውን ወደደችው፤ "አበባ እንደመቁረጥ ነው" ስላት ራሷ መቀስ አመጣች። አግድም እንጨቱን መቁረጥ ላይ ግን ቆማለች። "ከእናቷ ሲለዩአት እናቲቱ አትደማም ወይ?" ትላለች። ምን ልበላት?

በዚያ ላይ ስነቅለው እንዴት አድርጌ እንደምወስደው አልገባኝም። እኔ ቤት ለመድረስ ግማሽ ቀን መንገድ ነው።


መቀስ አይለየኝ፦

እውነቱን ንገሪያት። ቁስሉ እንደ አውራ ጣት ነው፤ ከአፈር በታች ነው፤ ቀጥ ብሎ በሹል ነገር ከተቆረጠ ራሱ ይደርቃል። ቀለም፣ ጭቃ ምናምን እንዳትቀቡበት። እንዲያውም እናቲቱ የምትመግበው አንድ አፍ ይቀንስላታል። ለማካካስ ከፈለግሽ ከጉቶው ላይ የደረቀውን ግንድ እስከ ደህናው ድረስ ግረዢላትና ዙሪያዋን የበሰለ ኮምፖስት አልብሺያት። ኮምፖስቱ ጉቶውን አይንካ። ያረጀ ጽጌረዳ የሚጎዳው ልጁን ስለወሰዱበት ሳይሆን የደረቀው ሬሳ ላዩ ላይ ስለሚቆይ ነው። አክስትሽ ይሄንን ስታይ ትረጋጋለች ብዬ እገምታለሁ፤ አዲስ ግንድ ከታች ሲወጣ ደግሞ ታመሰግንሻለች።

የመንገዱ ነገር። ከመንቀልሽ በፊት በነበረው ቀን በደንብ አጠጪው። በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ ግንዱን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ አሳጥሪው። ከቀንበጡ አንድ ስንዝር ከግማሽ ርቀሽ በዙሪያው በአካፋ ቀጥ ብለሽ ውረጂ፣ ከዚያ ከሥሩ ገብተሽ ከነአፈሩ አንሺው። ግንዱን ይዘሽ አትጎትቺ። አፈሩ እንዳይበተን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለሽ እሰሪው፣ በላዩ ፌስታል አድርጊበት፤ ግማሽ ቀን ምንም አይለውም። አፈሩ ከተራገፈብሽ ሥሩን አንድ ደቂቃ እንኳ ለፀሐይ አትስጪው፤ ባልዲ ውሃ ውስጥ አስገቢው። አዳር ድረስ ይችላል፤ ከአንድ ቀን በላይ ግን ይታፈናል።

ስትደርሺ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ይጠብቅሽ። ወርዱ የሥሩን እጥፍ ይሁን። በራሱ ሥር የቆመ ስለሆነ ከበፊቱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወረድ አድርገሽ ብትተክይው ችግር የለውም፤ የተቀበረው ግንድም ሥር ያወጣል። ትኩስ ፍግ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳትከቺ። የፋብሪካ ማዳበሪያም አሁን አይደለም፤ የቆሰለ ሥር ይፈጃል። ግማሹን አፈር ስትመልሺ ባልዲ ውሃ ድፊ፣ ይስረግ፣ ከዚያ ሙዪው። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጉዝጓዝ አልብሺው፣ ግንዱን ሳይነካ።

የመጀመሪያው ዓመት አበባ እንዳትጠብቂ። እንቡጥ ካመጣ ቁረጪ። ሥር ይስራ።


የእሾህ ጎረቤት፦

"የደረቀው ሬሳ" የሚለውን ሳነብላት ተነስታ ሄዳ ጉቶውን አየችው። አሁን እሷው ናት የምታጣድፈኝ። ነገ መጋዝ ይዤ እሄዳለሁ፤ ትናንት አዲስ ገዝቻለሁ። ቁራጮቹን ዛሬውኑ አሸዋ ውስጥ አስገብተናል፤ አንዱን ገልብጣ እንዳትተክለው ላዩ ላይ ክር አሰርኩበት።


መቀስ አይለየኝ፦

አዲሱን መጋዝ ቤት ተዪው። አፈር ውስጥ ሁለት ጊዜ ሳብ ስታደርጊው ጥርሱ ያልቃል። አሮጌ ፈልጊ፤ አልኮሉን ግን እንዳትረሺ።